እትዬ ዘሐራና የሚያንቀላፋው ሰዓት

ሰው ዕድሜውን ሲቀንስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜ ጨምሬ የማውቀው ለኮምፒውተር ነው። ያውም ለአዲስ ኮምፒውተር። ገና የካርቶኑ ሽታ ያልለቀቀውን ማሽን ፊቴ አስቀምጬ "አንተ አሮጌ ነህ፤ እመን" እያልኩ ስለምነው ሰንብቻለሁ። በመጨረሻ አመነልኝ። መዘዙ የመጣውም ካመነልኝ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንድ አሽከርካሪ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ከሥሬ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ፤ የማዝዘው ወንበሮቹንና አንድ ቬንቲሌተርን ነው፤ ቬንቲሌተሩም ቢሆን ሲፈልግ ብቻ ነው የሚታዘዘኝ። ሠልጣኞች ደብረ ብርሃን ወጥተው የጽሑፉን ፈተና ከመቀመጣቸው በፊት እኔ ዘንድ ይለማመዳሉ። ጥያቄው ይመጣል፣ ምርጫው ይደረደራል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ማሽኑ ምንም ይሉኝታ ሳይዘው "ጊዜዎ አልቋል" ብሎ ይዘጋል።

ይህን የመለማመጃ ፕሮግራም ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ሠሪው ይህን ጊዜ የልጅ ልጅ አይቷል። ፕሮግራሙ የሚሠራው በአንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፤ ያ ኮምፒውተር ደግሞ የሮቢትን ሙቀት ችሎ ችሎ አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዴ ጮኸና አረፈ። የእኛን ሙቀት ለማታውቁ፣ ከደጋ የመጣ እንግዳ "እዚህ መቼ ነው የሚበርደው?" ብሎ ሲጠይቅ "ደብረ ሲና ስትደርስ" ተብሎ ይመለስለታል። ስለዚህ በሟቹ አልፈረድኩበትም።

አለቆቼ ፈጣን አዲስ ኮምፒውተር አመጡልኝ። የሠልጣኞቹን ስክሪኖች ሁሉ ከእሱ ላይ አንጠልጥዬ፣ አሮጌውን ፕሮግራም ጫንኩና ከፈትኩት። ፕሮግራሙ አዲሱን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ አየት አደረገና ጠፋ። እንደገና ከፈትኩት፤ እንደገና ጠፋ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቨርቹዋል ማሽን የተሰደድኩት።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ አካል የለውም፤ በሰው ቤት ተጠግቶ ይኖራል። የሙያው ሰዎችም የውጪውን "ባለቤት" የውስጡን "እንግዳ" ይሉታል። የዚህ እንግዳ ልዩ ጠባዩ እንግዳ መሆኑን አለማወቁ ነው። ባለቤቱ "ፕሮሰሰርህ ይሄ ነው" ካለው ይሄ ነው፣ "ያ ነው" ካለው ያ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም፤ የእኛዎቹ ሥጋው ከየትኛው ብልት እንደሆነ ሳይቀር ነው የሚጠይቁት።

የፕሮሰሰር ሞዴሉን ለመምረጥ ዝርዝሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ "ባለቤትህን ምሰል" የሚለውን መረጥኩ፤ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ደንግጦ ጠፋ። ተናድጄ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን ጥንታዊውን መረጥኩ፤ እሱ ደግሞ ከማርጀቱ የተነሣ ጭራሽ ከመኝታው አልነሣም አለ። በመጨረሻ ከመሐል አንዱን፣ ጡረታ ያልወጣ ግን ዳገት ላይ ጉልበቱን የሚያመውን ሞዴል ሰጠሁት። ፕሮግራሙ የዕድሜ እኩያውን ያገኘ መስሎት ተከፈተ። እኔም ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። "ይሄው ነው?" አለችኝ።

አሁን እትዬ ዘሐራን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ዘሐራ ከአስፋልቱ ዳር ማንጎ የሚሸጡ፣ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ ሰይድ ባጃጅ ነጂ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሄዶ አንድ ቀን አስፋልት የሚያቋርጥ ግመል ሊገጩ ለጥቂት ተረፉ። "ግመል የሚያህል ነገር ካላየሁ ሰውን በምን አየዋለሁ" ብለው ባጃጇን ግቢያቸው አቆሙና ቁልፉን ለሚስታቸው አስረከቡ። እትዬ ዘሐራ መሪውን በአጭር ጊዜ ለመዱ። የቀረው የጽሑፉ ፈተና ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ካራቆሬ ያለ አንድ ሰው ባጃጇን ልግዛ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ በዚህኛው ፈተና ካላለፉ እንደምትሸጥ ባልና ሚስት ተስማምተዋል። ባጃጇ ከሄደች ቤቱ የሚቀረው በማንጎ ላይ ነው፤ ማንጎ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የለም።

የጣላቸው አለማወቅ አይደለም። ፊደል የለዩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ እያንዳንዱን ጥያቄ በሹክሹክታ ሁለት ጊዜ ያነቡታል፤ ከዚያ ደግሞ ይከራከሩታል። "ሁለት ተሽከርካሪዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቢገናኙ ቅድሚያ የማን ነው?" ሲላቸው ቀና ብለው ያዩኛል።

"ምን ጭነዋል?"

"አልተጻፈም፣ እትዬ።"

"እንዴት አይጻፍም? ቲማቲም የጫነው ይቅደም እንጂ። ሽንኩርት ይቆያል፤ ቲማቲም በዚህ ፀሐይ ይቆያል?"

ይህን ስንመካከር በአሮጌው ማሽን ጊዜ ገና ከግማሽ ሳይደርሱ ይዘጋባቸው ነበር። "ሰው እያነበበ ፊት ላይ መዝጋት ምን የሚሉት አስተዳደግ ነው?" ብለው ይታዘቡት ነበር።

በአዲሱ ማሽን በተቀመጡ በመጀመሪያው ቀን ግን ተአምር ሆነ። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው፣ ተከራክረው፣ ፍርድ ሰጥተው ጨረሱ። ጊዜ ተረፋቸው። የተረፋቸውን ጊዜ ይዘው ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ "አልሃምዱሊላህ" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ይሄ ቤት በረካ ገብቶበታል።"

እኔ ምስኪኑ ምን አልኩ? "አዲስ ማሽን እኮ ነው፣ እትዬ" ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በማግስቱ ዘንቢል ሙሉ ማንጎ መጣልኝ። በልቻለሁ፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዷል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ዞረ። የሮቢቱ ማሠልጠኛ ጊዜው በረካ አለው ተባለ። ከአጣዬ መጡ፣ ከካራቆሬ መጡ። እዚያው አጠገባቸው ማሠልጠኛ እያለላቸው በሚኒባስ ተጭነው እኔ ዘንድ የሚመጡ በረከቱ። የወደቀ ሁሉ እኔ ክፍል ውስጥ ያልፋል። ዘገምተኛ አንባቢ ይፈጥናል፣ ፈጣኑ ጨርሶ ሻይ ይጠጣል። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በጎን የማቀናብረው የሠርግ ቪዲዮ ሥራም በዚያው በፈጣኑ ኮምፒውተር ላይ ተሳለጠልኝ፤ ሠልጣኞቹ ሲለማመዱ እኔ ጥግ ይዤ ሙሽሮችን አስጨፍራለሁ። ኑሮ እንዲህ ከሆነ መቼ ይከፋል?

የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ያነሡት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ሚስታቸውን አድርሰው ደጅ ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "አንተ፣ ይሄ ያንተ ግማሽ ሰዓት ከአማት ቤት ምሳ ይረዝማል።" እኔ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ሠልጣኞቹ እየሠሩ ሳለ የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። የእንግዳውን ስክሪን ጥግ ባይ ገና ረፋድ ነው ይላል። ይህን ጊዜ አእምሮ ያለው ሰው ማሽኑን ይጠረጥራል። እኔ ግን በራስ መተማመን የሚሉት በሽታ ይዞኝ ነበርና ወደ ደጅ ብቅ አልኩ።

"ጋሼ ሰይድ፣ ዛሬ አዛኑ ቀደመ እንዴ?"

 ጋሼ ሰይድ በሞራ የተጋረደ ዓይናቸውን ወደ ላይ አንጋጠው፣ "ፀሐይቱም አብራ ቀድማለች በላ" አሉኝ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስልኬን ከእንግዳው ሰዓት አጠገብ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ስልኬ ይሄዳል፤ እንግዳው ያዛጋል። ስልኬ ይሄዳል፤ እንግዳው አንድ ደቂቃ ቆጥሮ እንደ ማረፍ ይላል።

አንብቤ፣ ጠይቄ የደረስኩበት ይህ ነው። እንግዳው የራሱ ሰዓት የለውም። ባለቤቱ ከውጭ ምት ይልክለታል፤ እሱም እያንዳንዷን ምት እየቆጠረ ጊዜውን ያውቃል። ባለቤቱ ሥራ ሲበዛበት ግን እንግዳውን ያስተኛዋል፤ በእንቅልፉ ያለፉትን ምቶች አይቆጥርም። ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል፤ መተኛቱንም አያውቅም። ባለቤቱን በሥራ ፋታ ያሳጣው ማን ነው ብትሉ የእኔው የሠርግ ቪዲዮ ነው። እኔ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን በቀስታ እንዲራመዱ ባደረግኩ ቁጥር የእትዬ ዘሐራ ደቂቃም አብሮ በቀስታ ይራመድ ነበር። በረካ የተባለው ነገር የአንድ የሸዋ ሮቢት ሙሽራ ጭፈራ ኖሯል።

 እነዚህ ሁሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን ሲወጡ የሚጠብቃቸው ሰዓት የማያንቀላፋ ነው። ለእትዬ ዘሐራ ደግሞ ቀኑ ደርሷል።

ለማስተካከል ተቻኮልኩ፤ ተቻኩሎ የተስተካከለ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። "እንግዳው ያመለጠውን ምት በኋላ ይካስ" የሚል ምርጫ አገኘሁ። ፍትሐዊ መሰለኝ። ያለፈውን ምት ሁሉ አንድ ላይ ሊያጎርሰው እንደሚችል አላሰብኩም። በማግስቱ ደምሰው የሚባል፣ ከሚኒባስ ረዳትነት ወደ ሹፌርነት ሊያድግ የሚለማመድ የካራቆሬ ልጅ ተቀመጠ። ሰዓቱ መጀመሪያ ትንሽ አንቀላፋ፤ ከዚያ ብንን አለና ተሳፋሪ እንዳየ ሚኒባስ ከነፈ። ደቂቃዎቹ በስክሪኑ ጥግ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም።

"መምህር፣" አለኝ ደምሰው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ጊዜህ አልቋል ይለኛል። እኔ ገና ስሜን እየጻፍኩ ነው።"

"እስቲ እንደገና ሞክር።"

ሞከረ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተዘጋበት። እጁን አጣምሮ ስክሪኑን በአክብሮት ተመለከተው። "እኔ ሕይወቴን ሙሉ ሰው ሳስቸኩል የኖርኩ ነኝ" አለ። "እንዲህ ያለ አስቸኳይ ግን አላየሁም።"

ያንን ምርጫ አጥፍቼ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ሙሽሮቼን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። እንግዳውንም ከራሱ እየቆጠረ እንዳይመጻደቅ፣ በየጊዜው ባለቤቱን "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ እየጠየቀ ራሱን እንዲያርም አስተካከልኩት። ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ ጠበቅሁ። እኩል ሄዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እትዬ ዘሐራ የመጡት ፈተናው ከነገ ወዲያ ሊሆን ነው። የተስተካከለውን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላወቅሁበትም። ተቀመጡ፣ ሹክሹክታቸውን ጀመሩ። ገና ብዙ ጥያቄ ሲቀራቸው ስክሪኑ "ጊዜዎ አልቋል" አላቸው። እንደ ድሮው ይታዘቡታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰበሰቡና "በረካው ሄደ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

ክፍሉ ወዲያው ሸንጎ ሆነ። ደምሰው ማሽኑ በሰው ዓይን እንደተበላ ፈረደ፤ ጥርጣሬውም ሁሉ ከአጣዬ በመጡት ላይ ነበር። ከአጣዬ የመጡት ደግሞ ከካራቆሬ ሰው በፊት ማሽኑ ደህና እንደነበር በትሕትና አስታወሱ። አንዷ በጨርቅ ይሸፈን አለች። ሌላው ፊቱ ወደ በር ስለሆነ ነው፣ ይዙር አለ። ለሰላም ብዬ አዞርኩት።

በማግስቱ ወደ እነ እትዬ ዘሐራ ቤት ሄድኩ። ባጃጇ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ሁለት ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጠዋል። ጋሼ ሰይድ ማንጎ አቀረቡልኝ፤ በዚያ ቀን ማንጎ አልወረደልኝም። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝና ነገሩን እንዲሁ ዘረገፍኩት። ባለቤቱን፣ እንግዳውን፣ ምቱን፣ ሙሽራውን ሁሉ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘሐራ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እንግዲህ በግማሽ ሰዓት አልጨረስኩም በለኛ።"

"አልጨረሱም፣ እትዬ። ሰዓቱ ነው የተኛው። ይቅር ይበሉኝ፤ ያ ጊዜ እውነተኛ አልነበረም።"

"እንዴት እውነተኛ አልነበረም?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ነገሩ እውነት ገርሟቸው ነው። "ተቀምጬበታለሁ። አንብቤበታለሁ። የተኛው ያንተ ማሽን እንጂ እኔ አልተኛሁ።"

ጋሼ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የካራቆሬውን ሰውዬ ልጥራው ወይስ ይቆይ?" አሉ ወደ ሚስታቸው ሳይዞሩ።

"ይቆይ" አሉ እትዬ ዘሐራ። "ኢንሻአላህ ሄጄ አየዋለሁ።"

የፈተናው ዕለት አብሬያቸው ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ማንም ሂድ አላለኝም፤ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ከጣርማ በር በላይ ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ቆላ ያደግን ሰዎች ለብርድ ያለን መከላከያ መገረም ብቻ ነው። እትዬ ዘሐራ የጋሼ ሰይድን ካፖርት ደርበው፣ እጅጌው ጣታቸውን ውጦት ገቡ። ውጤቱ እዚያው ስለሚነገር እኔና ጋሼ ሰይድ የፈተናውን ቤት ግንብ ተጠግተን ቆምን። እሳቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። እኔም በበኩሌ ስለቴን ተስያለሁ። ሁለት ሃይማኖት አንድ የጽሑፍ ፈተና ላይ እንዲህ ሲረባረብ በማየት ያ ግንብ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ ዘሐራ ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

"እንዴት ነው?" አልኩ።

"ሰዓቱ ክፉ ነው።"

"ጨረሱ?"

"የት ያስጨርሳል? የመጨረሻዎቹ ቀሩብኝ።" እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። "ሌሎቹን ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ድሮ አንድ በአንድ የማነባቸው አሁን ፊታቸውን ሳይ ለየኋቸው። ያ ቅድሚያ የማን ነው የሚለውም መጥቶ ነበር። አሁንም ጭነቱን አይናገርም።"

"እና አለፍሽ?" አሉ ጋሼ ሰይድ። 

"ማለፉንማ አልፌያለሁ።"

ጋሼ ሰይድ ወደ ግንቡ ዞሩና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ብርዱ ነው" አሉ። እኔም ብርዱ ነው አልኩ፤ እኔንም ይዞኝ ነበር።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ሙቀቱ እንደገና ሲያገኘን፣ እትዬ ዘሐራ ካፖርቱን አውልቀው አጠፉትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔ ቤት ስቀመጥ ልጅ ይጠራኛል። ገበያ ስቀመጥ ገዢ ይጠራኛል። እንዲያ ተቀምጬ ነገር ሳነብ 'ቶሎ በይ' ያላለኝ ያ የተኛው ሰዓትህ ብቻ ነው።" ካፖርቱን ጭናቸው ላይ አደላደሉ። "የወንድሜ ሚስት ሐሊማ ማጀቴ ከተማ አለች። እሷም እንደኔ ነው የምታነበው። አምጥቼ እሰጥሃለሁ፤ በዚያኛው ሰዓት አስቀምጥልኝ።"

"እትዬ፣ ያ እኮ ብልሽት ነበር። አስተካክዬዋለሁ።"

"ማን አስተካክል አለህ?"

እስከ ሮቢት ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል ሄድኩ።

ሐሊማ ይኸው መጥታለች። ይህን ስጽፍላችሁ ጥግ ካለው ስክሪን ፊት ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሹክሹክታ ታነባለች። እኔ ጠዋቱን ሙሉ፣ ሙሽሮቼን መልሼ አምጥቼ፣ ማረሚያውንም አጥፍቼ፣ ያ ሰዓት እንደገና እንዲያንቀላፋ ያልነካካሁት ነገር የለም። አሻፈረኝ አለ፤ እኔ ሳልፈልገው የተበላሸ ነገር፣ ስፈልገው አልበላሽ ብሎ እንደ ስልኬ እኩል ይሄዳል። አሁን "ጊዜዎ አልቋል" ብሎ ዘጋባት። ሐሊማ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች።

ሄጄ ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። "አንብቢ" አልኳት። "በዘጋ ቁጥር እኔ እከፍትልሻለሁ።" ከዚያ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።